ብክለት የክረምቱን ደመና እንዴት እንደሚለውጥ በሞዴል ለማጥናት፦ ከጥያቄው እስከ ውጤቱ

ብናኝ ደመናን እንደሚለውጥ ማንም አይከራከርም። ክርክሩ ምን ያህል፣ የት እና ወደ የትኛው አቅጣጫ በሚለው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የአየር ንብረት ለውጥ በይነ መንግሥታት ፓናል ግምገማ፣ ከ1750 እስከ 2019 ሰው ወደ አየር የለቀቀው ብናኝ የምድርን የኃይል ሚዛን በየካሬ ሜትሩ በ1.1 ዋት ገደማ እንዳቀዘቀዘው ይገምታል። የግምቱ ስፋት ግን ከ0.4 እስከ 1.7 ዋት ነው። በዚያው ዘመን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያደረሰው የሙቀት ጫና 2.16 ዋት ሲሆን የእርሱ ግምት በእጅጉ የጠበበ ነው። ብናኙን እንዲህ አስቸጋሪ ያደረገው በዋናነት ደመና ነው።

ይህ መመሪያ ደብሊው-አር-ኤፍ የተባለውን የአካባቢ የአየር ሁኔታ ሞዴል ቢያንስ አንድ ጊዜ አስኪደው ለሚያውቁና አሁን ብክለትን ሊጨምሩበት ለሚፈልጉ ተማሪዎችና የሜትሮሎጂ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው። ምሳሌው የኢትዮጵያ ደጋ በክረምት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። መሣሪያው የዚያው ሞዴል የኬሚስትሪ ቅጂ፣ ደብሊው-አር-ኤፍ ኬም ነው። ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ከወዲሁ አንድ ነገር ማስረገጥ እፈልጋለሁ። በዚህ ሥራ ከባዱ ነገር ሞዴሉን ማስነሳት አይደለም፤ እርሱ ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል። ከባዱ፣ የሚፈለገው የብክለት አሻራ አየሩ በራሱ ከሚዋዥቀው በታች መሆኑ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ያንን አሻራ ከግርግሩ ለይቶ ለማውጣት የተሰለፉ ናቸው።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ በወረቀት ያስሉ

በደመናው ውስጥ ያለው ውሃ ሳይለወጥ ውሃው የሚያርፍባቸው ብናኞች ቢበዙ እያንዳንዱ ጠብታ ያንሳል፤ ያው አንድ እንጀራ ለብዙ ሰው ሲቆረስ ቁራሹ እንደሚያንሰው ነው። የጠብታዎች ቁጥር በእጥፍ ቢጨምር የእያንዳንዱ ራዲየስ ወደ 0.79 እጅ ይወርዳል፤ የደመናው ኦፕቲካል ጥልቀት ማለትም ብርሃን የመጋረድ አቅሙ በ1.26 ይባዛል። ደመና ከፀሐይ ብርሃን ምን ያህሉን እንደሚመልስ በግርድፉ ለማወቅ ጥልቀቱን፣ ጥልቀቱና 7.7 ተደምረው ለሚሰጡት ቁጥር ያካፍሉ። ጥልቀቱ 7.7 የሆነ ደመና ግማሹን ይመልሳል። ጥልቀቱ ወደ 9.7 ሲያድግ ድርሻው 0.56 ይሆናል። በከባቢ አየር ጫፍ ላይ በአማካይ 340 ዋት በካሬ ሜትር ይደርሳል ካልን፣ ከዚያ ደመና በላይ ያለው ልዩነት 19 ዋት ገደማ ነው። ሾን ትዎሚ በ1970ዎቹ ያሳየው ይህንን ነው።

ሞዴልዎ በኋላ ከዚህ በብዙ የራቀ ቁጥር ካወጣ ምክንያቱን መፈለግ አለብዎት። ሁለት ማስጠንቀቂያዎች ግን ከወረቀቱ ጎን ይጻፉ። አንደኛ፣ ብናኙ እጥፍ ሆነ ማለት ጠብታው እጥፍ ሆነ ማለት አይደለም። ብናኞቹ ለአንድ እንፋሎት ይሻማሉ፤ ሽሚያው አየሩ ከሙሌት በላይ የሚደርስበትን መጠን ይቀንሰዋል፤ ትንንሾቹና ውሃ የማይስቡት ሳይነቁ ይቀራሉ። አየሩ በኃይል ወደ ላይ በሚወጣበት ደመና ብዙ ብናኝ ጠብታ ይሆናል፤ አየሩ በዝግታ በሚነሳበት ደመና ውስጥ ብናኝ መጨመር ብዙም ለውጥ አያመጣም። ሁለተኛ፣ የብናኙ ዓይነት ይወስናል። ውሃ የመሳብ አቅም በካፓ ቁጥር ሲለካ ሰልፌት 0.6 አካባቢ፣ ከእንጨት ጭስ የሚወጣው ኦርጋኒክ ብናኝ 0.1 አካባቢ፣ ትኩስ ጥላሸት ደግሞ ዜሮ አጠገብ ነው። አብዛኛው ቤተሰብ በማገዶና በከሰል በሚያበስልበት አገር ይህ ልዩነት የጎን ጉዳይ አይደለም።

ከዚህ አልፈው የሚከተሉት ውጤቶች እየደበዘዙ ይሄዳሉ። ብሩስ አልብሬክት በ1989 እንዳቀረበው፣ ትንንሽ ጠብታዎች ተጋጭተው ዝናብ ለመሆን ስለሚቸገሩ ደመናው ሊቆይ ይችላል። ጥላሸት ግን ፀሐይን ውጦ አየሩን በማሞቅ ያንኑ ደመና ሊያተንነው ይችላል። ብናኝ ነጎድጓዳማ ደመናን ያፈረጥማል የሚለው ሐሳብ ደግሞ እስከ ዛሬ ያልተቋጨ ክርክር ነው። ጥናትዎ ይህንን ሐሳብ እንደተረጋገጠ ቆጥሮ እንዳይነሳ።

ደረጃ 2፦ ጥያቄውን ያጥብቡ

«ብክለት ዝናባችንን እየቀነሰ ነው?» የሚለው ጥያቄ ለሞዴል አይሰጥም። ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች በውስጡ ተደብቀዋል። የመጀመሪያው የአዲስ አበባ መኪና፣ ፋብሪካና ምድጃ በከተማዋና በዙሪያዋ ደመና ላይ የሚያደርሰው ነው። ሁለተኛው ከሩቅ ተጉዞ የሚመጣው ነው፤ በክረምት ወራት ከኮንጎ፣ ከአንጎላና ከዛምቢያ የሚነሳው የቃጠሎ ጭስ፣ ከሱዳን፣ ከአፋርና ከዓረብ ልሳነ ምድር የሚነሳው አቧራ። እነዚህን ሁለቱን በዚህ ሞዴል ማጥናት ይቻላል።

ሦስተኛውን አይቻልም፤ ምናልባትም ከሦስቱ ትልቁ እርሱ ነው። አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የለቀቁት ድኝ ሰሜን አትላንቲክን አቀዝቅዞ የሐሩር ክልሉን የዝናብ መቀነት ወደ ደቡብ ገፍቶታል፤ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ለሳህል ድርቅም አስተዋጽኦ አድርጓል የሚሉ በርካታ የሞዴል ጥናቶች አሉ። ይህ ሰንሰለት የሚያልፈው በባሕር ሙቀት በኩል ነው። በአካባቢ ሞዴል ውስጥ የባሕር ሙቀት ከውጭ የሚሰጥ፣ ለብናኙ መልስ የማይሰጥ ነገር ነው። ስለዚህ ሙሉ ክረምት አስኪደው «ብክለት ዝናብ ላይ ያለው ተጽዕኖ ትንሽ ነው» ብለው ቢደመድሙ፣ የደመደሙት ስለ አካባቢው ብናኝ ቀጥተኛ ውጤት ብቻ ነው። በጽሑፍዎ መግቢያ ላይ ይህንን በግልጽ ያስፍሩ።

ደረጃ 3፦ ክልሉንና ፍርግርጉን ይሳሉ

ሞዴሉ ክልሉን ወደ ሳጥኖች የሚከፍልባቸው ሦስት የተደራረቡ ፍርግርጎች ይበቃሉ፦ የሳጥኖቻቸው ጎን 27፣ 9 እና 3 ኪሎ ሜትር። ውጨኛው ሱዳንን፣ የኮንጎን ተፋሰስ፣ ቀይ ባሕርን፣ የኤደን ባሕረ ሰላጤንና የዓረብ ልሳነ ምድርን ያቅፍ፤ የሶማሌ ጄትና የቱርካና ጄት የተባሉት ዝቅ ብለው የሚነፍሱ ኃይለኛ ነፋሶችም ሙሉ በሙሉ በውስጡ ይሁኑ። ውስጠኛው ሸዋንና ዙሪያውን ይያዝ። በ27 ኪሎ ሜትር ፍርግርግ ላይ እንጦጦ የለም፤ ተራራውም ሸለቆውም ተዳምጠው አንድ ሜዳ ሆነዋል። አየሩ ተራራውን ሲወጣ የሚፈጥረው ደመናም አብሮ ይጠፋል።

የ3 ኪሎ ሜትሩ አስፈላጊነት ግን ከተራራው ይልቅ በዝናቡ አፈጣጠር ይመጣል። በ27ና በ9 ኪሎ ሜትር ላይ ነጎድጓዳማ ደመና ከፍርግርጉ ስለሚያንስ በተጠቃለለ ቀመር ይወከላል፤ ከእነዚህ ቀመሮች አብዛኞቹ ብናኝን ጨርሶ አያዩትም። የክረምት ዝናብ ዋና ምንጭ ደግሞ ይኸው ደመና ነው። በ9 ኪሎ ሜትር ውጤት ላይ «ብክለት ዝናቡን አልለወጠውም» የሚል ዓረፍተ ነገር ካነበቡ፣ ሞዴሉ ሊለውጠው የሚችልበት መንገድ እንደነበረው አስቀድመው ይጠይቁ። በ3 ኪሎ ሜትሩ ላይ ይህንን ቀመር ያጥፉት።

ወደ ላይ 50 ያህል ንብርብሮች ያድርጉ፤ ከእነርሱም ቢያንስ 12ቱ ከመሬት በላይ ባሉት 2 ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ይሁኑ። ለመነሻና ለድንበር የአየር ሁኔታ የአውሮፓው የአየር ትንበያ ማዕከል ኢ-አር-ኤ 5 ዳግም ትንተና፣ ማለትም ልኬትንና ሞዴልን አዋሕዶ ያለፈውን የአየር ሁኔታ የሚያቀርበው መረጃ፣ ጥሩ ነው፤ በየሰዓቱ፣ በ31 ኪሎ ሜትር ገደማ ይገኛል።

ደረጃ 4፦ ከኬሚስትሪው በፊት በቀላሉ ይሞክሩ

ብዙ ሰው ይህን ደረጃ ይዘለዋል። ሙሉው ኬሚስትሪ የስሌት ጊዜን ብዙ እጥፍ ያበዛል። በተራው ሞዴል ውስጥ ግን ቁጥር 28 የሆነው የቶምፕሰን የደመና ቀመር አለ፤ ውሃ ወዳድና በረዶ ወዳድ የሚባሉ ሁለት የብናኝ ዓይነቶችን ብቻ ይዞ ይሠራል። መነሻ ብናኙን ከ2001 እስከ 2007 በተካሄደ የዓለም አቀፍ ሞዴል አማካይ ላይ ተመሥርቶ ያገኛል። አንድ ጊዜ እንዳለ፣ አንድ ጊዜ ውሃ ወዳዱን በአምስት አባዝተው፣ አንድ ጊዜ ለአምስት አካፍለው ለጥቂት የነሐሴ ቀናት ያስኪዱት።

ከዚህ የሚገኘው እውነተኛ የብክለት ውጤት አይደለም። የሚገኘው ደመናው በብናኝ ምን ያህል እንደሚነካ የሚያሳይ ልኬት ነው፦ ይህ የደመና ሥርዓት በ25 እጥፍ ልዩነት እንኳ የማይነቃነቅ ከሆነ፣ በመዲናዋ ልቀት ሊነቃነቅ እንደማይችል በጥቂት ቀናት ስሌት ያውቃሉ። ጥያቄውን ለመቀየርም ጊዜው አሁን ነው።

ደረጃ 5፦ ልቀቱን ያዘጋጁ

የልቀት መዝገብ የሥራው ደካማ ጎን ነው። ለሰው ሠራሽ ልቀት ኤድጋር-ኤችታፕ ወይም የኮፐርኒከስ መዝገብ፣ ለቃጠሎ በየቀኑ በ1 ኪሎ ሜትር የሚሰጠው ፊን፣ ለዕፅዋት ሜጋን ይጠቀማሉ። ለአፍሪካ ተብሎ የተዘጋጀው ዳይስ-አፍሪካ ከሰልን፣ ማገዶንና የቤት ጄነሬተርን በተሻለ ስለሚቆጥር ከአንዱ ዓለም አቀፍ መዝገብ ጋር ጎን ለጎን አድርገው ይመልከቱት። ሁለቱ በጥላሸትና በኦርጋኒክ ካርቦን ላይ ካልተስማሙ፣ ልዩነታቸው ራሱ አንድ ተጨማሪ የሞዴል ሩጫ ይገባዋል። እነዚህን ወደ ፍርግርጉ የሚያመጡት መሣሪያዎች ከአሜሪካው የከባቢ አየር ምርምር ማዕከል፣ ከኤንካር፣ በነፃ ይገኛሉ፤ የብናኝና የጋዝ ድንበር መረጃም ከዚያው ማዕከል ዓለም አቀፍ ሞዴል ይወሰዳል።

አሁን የእኛን አገር ብቻ የሚመለከት ወጥመድ። ሞዴሉ የሚሠራው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ ኢትዮጵያ ከዚያ በ3 ሰዓት ትቀድማለች፤ ሰዉ ደግሞ ሰዓት የሚቆጥረው ከንጋት ጀምሮ ነው። የመኪናው ግፊያ የሚበረታበት ከጠዋቱ 2 ሰዓት በሞዴሉ 5 ሰዓት ነው። የትራፊክ ጥናቱ ላይ ያለውን «2» እንዳለ ካስገቡት ሞዴሉ ልቀቱን ከንጋት በፊት፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ይለቀዋል፤ ጭሱም በቀዝቃዛው አየር ሥር ታፍኖ ከሚገባው በላይ ይከማቻል። ስሕተቱ ቆየት ብሎ የኬሚስትሪ ችግር መስሎ ይመጣል። የዝናብ መለኪያ መዝገቦችም አንዳንዴ በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ስለሚጻፉ፣ ቀኑን ከመጠቀምዎ በፊት ያረጋግጡ።

ወርኃዊ መዝገቦች የማያውቋቸው ቀናትም አሉ። የደመራ ምሽት ጭስ በየትኛውም ዓለም አቀፍ መዝገብ ውስጥ የለም። የመስከረም 16 እና 17 ልኬት ከሞዴልዎ ቢርቅ መዝገቡን ለማስተካከል አይቸኩሉ፤ እነዚያን ቀናት ከንጽጽሩ ማውጣት ይሻላል።

ደረጃ 6፦ ሞዴሉን ያቀናብሩ

ኮዱን ከማጠናቀርዎ በፊት የኬሚስትሪውንና የኬፒፒን (የጋዝ ኬሚስትሪውን ኮድ የሚያመነጨውን መሣሪያ) የሥርዓት ተለዋዋጮች ሁለቱንም 1 ያድርጉ፤ ኬፒፒ ፍሌክስና ያክ የተባሉትን ፕሮግራሞች ስለሚፈልግ አስቀድመው ይጫኗቸው። ለብናኙ ሞዛይክ የተባለው ቀመር በአራት የመጠን ክፍሎች በቂ ነው፤ ሞዛርት ከተባለው የጋዝ ኬሚስትሪ ቀመር ጋር የተጣመረው፣ በደመና ውሃ ውስጥ የሚካሄደውንም ኬሚስትሪ የያዘው ምርጫ ቁጥር 202 ነው። በ201 ላይ ይህ የደመና ክፍል የለም፤ በስሕተት እርሱን መርጠው ወራት የሚያባክኑ አሉ። የደመናው ቀመር ሞሪሰን፣ ቁጥር 10 ይሁን።

ከዚያ አራት ቁልፎች ይከፈታሉ፦ የጠብታን ቁጥር ከብናኝ የሚያሰላው ፕሮግን፣ የደመና ኬሚስትሪ፣ በዝናብ መታጠብ እና የብናኝና የጨረር ግንኙነት። ከሁሉ የሚብሰው አደጋ ያለው በፕሮግን ላይ ነው። ሲዘጋ ሞሪሰን በየኪዩቢክ ሴንቲ ሜትሩ 250 ጠብታ ብሎ በቋሚነት ይይዛል። ፕሮግንን ከፍቶና ዘግቶ የሚገኘውን ልዩነት «የብክለት ውጤት» ብሎ ማቅረብ ሁለት ቀመሮችን ማነጻጸር ነው እንጂ ብክለትን ከንጹሕ አየር ጋር ማነጻጸር አይደለም። በሁሉም ሩጫዎች ክፍት ይሁን፤ የሚለወጠው ልቀቱ ብቻ ይሁን።

ብናኙን ወደ ጠብታ የሚለውጠው የአብዱል-ራዛቅና የጋን ቀመር ወደ ላይ የሚወጣውን አየር ፍጥነት ይፈልጋል፤ በ3 ኪሎ ሜትር ፍርግርግ ላይ ትክክለኛው ፍጥነት አይታይም። ሞዴሉ ከአየሩ መናወጥ ይገምተዋል። ስለዚህ የወለል አጠገብ የአየር ንብርብር ቀመርን መለወጥ የጠብታውን ቁጥር ሊለውጥ ይችላል፤ አንድ ሩጫ በሌላ ቀመር ደግመው ይህንን ይለኩት።

ደረጃ 7፦ ሩጫዎቹን ያቅዱ

ቢያንስ አራት ያስፈልጋሉ። አንደኛው ሁሉም ልቀት ያለበት መነሻ። ሁለተኛው በክልሉ ውስጥ የሰው ልቀት የጠፋበት። ሦስተኛው እርሱ እንዳለ ሆኖ በድንበር የሚገባውም ብናኝ የተቀነሰበት፤ ያለዚህ ሁለተኛው «ንጹሕ» የሚባለው ሩጫ በውጭ ጭስ የተሞላ ሊሆን ይችላል። አራተኛው መነሻው እንዳለ ሆኖ ብናኝና ጨረር የማይገናኙበት። መነሻው ከአራተኛው ጋር ሲነጻጸር የጥላሸቱ ሙቀት ከጠብታው ውጤት ይለያል።

ልዩነቱን በንጽሕና ለመለየት ከፈለጉ የጋንን የ2013 ዘዴ ይከተሉ፦ ሞዴሉ በየጨረር ስሌቱ ሁለተኛ ጊዜ፣ ብናኝ ለጨረር እንደሌለ አድርጎ ያስላ። በዚያ መንገድ ብናኙ ራሱ ብርሃን በመበተንና በመዋጥ ያመጣውና በደመና በኩል ያመጣው ተለያይተው ይወጣሉ። ኮድ መነካካት ይጠይቃል፤ ልፋቱ ግን ይገባዋል።

ለኬሚስትሪው ቢያንስ አንድ ሳምንት መለማመጃ ይስጡና ያንን ጊዜ ይጣሉት። ነፋሱን ወደ ዳግም ትንተናው የሚጎትት ማስተካከያ በውጨኛው ፍርግርግ ላይ፣ ከወለሉ ንብርብር በላይ ብቻ ያድርጉ። የአየሩን ሙቀትና እርጥበት እንዲጎትት ከፈቀዱ ጥላሸቱ ያሞቀውን ማስተካከያው መልሶ ያቀዘቅዘዋል፤ የሚያጠኑትን ነገር በገዛ እጅዎ ያጠፉታል።

እንግዲህ ግርግሩ። ሁለት ተመሳሳይ ሩጫዎች በመነሻ ሰዓት ብቻ ቢለያዩ፣ በሦስተኛው ቀን ነጎድጓዱ በሌላ ወረዳ ላይ ይዘንባል። ይህን ከብክለት ውጤት ጋር እንዳያምታቱ እያንዳንዱን ሩጫ ቢያንስ አምስት ጊዜ፣ የመነሻ ሰዓቱን በ6 ሰዓት እያዛነፉ ይድገሙት። አራት ሩጫ በአምስት ሃያ ነው። የስሌት አቅም ካጠረዎት ወራቱን ወይም የክልሉን ስፋት ይቀንሱ፤ ድግግሞሹን ግን አይንኩ።

ደረጃ 8፦ በቅደም ተከተል ይፈትኑ

ሰንሰለቱ ከታች ወደ ላይ ይፈተሻል። መጀመሪያ ነፋስና ዝናብ፤ ዝናቡን የሳተላይት የዝናብ መረጃዎች ከሆኑት ከኢመርግና ከቸርፕስ እንዲሁም የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት መለኪያዎችን ከሳተላይት ጋር ካዋሐደው ኤናክትስ ጋር ያስተያዩ። ቀጥሎ ብናኙ። ለአዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ መለኪያዎች ከ2016 ጀምሮ የሰበሰቡት የደቃቅ ብናኝ መረጃ አለ፤ ስርጭቱ በመጋቢት 2025 ስለቆመ ጥናትዎን ከዚያ በፊት ባሉ ክረምቶች ላይ ቢያደርጉ ይሻላል።

ከዚያ ደመናው ራሱ ይመጣል። የሞዲስ መሣሪያዎች በቴራ ሳተላይት ላይ ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል፣ በአኳ ሳተላይት ላይ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል አካባቢ ያልፉ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ሰዓታቸው እየተንሸራተተ ስለሆነ የሞዴሉን ውጤት በትክክለኛው የማለፊያ ደቂቃ ይውሰዱ። የጠብታ መጠናቸው የሚናገረው ስለ ደመናው አናት ብቻ ነው። የጠብታ ቁጥር የሚሰላውም ነጠላ ንብርብር ባለው የውሃ ደመና ላይ ነው፤ የሐምሌና የነሐሴ ደጋ ሰማይ ደግሞ በበረዶ ደመና የተሸፈነና የተደራረበ ነው። አብዛኛውን መረጃ መጣል ግድ ይሆናል። እኔ የምመክረው ለጠብታ ቁጥር ፈተና የክረምቱ መውጫ፣ የመስከረም መጨረሻና የጥቅምት ዝቅተኛ ደመናዎችን መጠቀም ነው።

ለተጨማሪ ፈተና ተፈጥሮ ያዘጋጀችው ሙከራ አለ። የአይስላንዱ የሆሉህራውን እሳተ ገሞራ ከነሐሴ 2014 መጨረሻ እስከ የካቲት 2015 መጨረሻ ድኝ ሲለቅ፣ ሳተላይቶች ጠብታዎቹ እንዳነሱ አዩ፤ በደመናው ውስጥ ያለው የውሃ መጠን ግን እምብዛም አልተለወጠም። ብዙ ሞዴሎች ውሃውን ይጨምሩ ነበር። በኋላ በ2022 የወጣ ጥናት የደመናው ሽፋን ግን እንደሰፋ አሳየ። የእርስዎ ቅንብር ያንን ሁኔታ ሲሰጠው ውሃውን በብዙ ካበዛ፣ ስለ ኢትዮጵያ የሚናገረውንም በጥርጣሬ ይያዙት።

ደረጃ 9፦ ውጤቱን ያንብቡና ይጻፉ

ካርታ ከመሳልዎ በፊት ሰንሰለቱን በቁጥር ይከተሉ፦ ልቀት ስንት በመቶ ሲለወጥ የብናኝ ቁጥር ስንት፣ ከዚያ የጠብታ ቁጥር፣ ራዲየስ፣ የደመና ውሃ፣ ወደ ጠፈር የሚመለስ ጨረር፣ በመጨረሻም ዝናብ። በየእርከኑ የአምስቱን ድግግሞሽ ስርጭት አብረው ይጻፉ። ከላይ ወደ ታች በሄዱ ቁጥር ስርጭቱ ከአማካዩ እየበለጠ ሲሄድ ያያሉ። በብዛት ዝናብ ላይ ሲደርሱ የለውጡ አቅጣጫ እንኳ ከአንዱ ድግግሞሽ ወደ ሌላው ይገለባበጣል።

ካርታ ላይ ነጠብጣብ አድርጎ «እዚህ ጉልህ ነው» ማለት ያሳስታል፤ በ5 በመቶ ደረጃ ምንም ውጤት በሌለበት ካርታ ላይ እንኳ ከመቶው ሳጥን አምስቱ በአጋጣሚ ጉልህ ሆነው ይወጣሉ። የሐሰተኛ ግኝትን መጠን የሚቆጣጠር ፈተና ለጠቅላላው ካርታ ይጠቀሙ። ዝናቡን ደግሞ በነጠላ ሳጥን ሳይሆን በተፋሰስ ይደምሩት፤ ለምሳሌ በአዋሽ የላይኛው ተፋሰስ።

ድግግሞሾቹ በዝናቡ አቅጣጫ ካልተስማሙ፣ የሚጻፈው ይኸው ነው፦ የጠብታ ቁጥሩና የጨረሩ ለውጥ ከነስርጭታቸው፣ በዝናብ ላይ ግን በዚህ ፍርግርግና በዚህ የድግግሞሽ ብዛት አቅጣጫው እንዳልተለየ። ከጽሑፉ ጋር የቅንብር ፋይሎቹን፣ የልቀት መዝገቡን ስሪትና የኮዱን ቅጂ ያስቀምጡ። የየሰዓቱ ሙሉ ውጤት ዲስክ ስለሚሞላ የጠብታ ቁጥርን፣ የደመና ውሃን፣ የብናኝ ቁጥርንና ሁለቱን የጨረር ስሌቶች ብቻ መርጠው ያቆዩ።